ሀ) ከባድ ዝናብ

እና ደግሞ ይቺ ሽታ፣ የወለል ሰም ናት፣ ሰምና የሰው ላብ አንድ ላይ ሲሞቁ ምን እንደሚሸቱ የሚያውቀው በዚህ ኮሪደር ተራውን የጠበቀ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ እንግዲህ ስጠብቅ ሦስተኛዬ ነው፣ ሦስተኛና የመጨረሻ፣ ከዚህ በኋላ ዕድሜዬ ከተፈቀደው ያልፋል፣ ለመንግሥት ሥራ አረጀሁ ማለት ነው፣ ሠላሳ አምስት የሞላት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ማኅተም መምታት ያቅታታል ብለው ያምናሉ መሰለኝ፣ እሺ፣ ይመኑ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ዝምታ ይከበር ይላል፣ ከሥሩ አንዱ ማስቲካ ለጥፎበታል፣ የሰው ጥርስ ምልክት ያለበት ማስቲካ። ዓይኔ እየሄደ እዚያው ላይ ያርፋል።

ከጎኔ የተቀመጠው ዋና ከተማ ነው፣ ስሙ አይደለም፣ በማጠናከሪያ ክፍላችን ያወጣንለት ስም ነው፣ የዓለምን አገሮች ሁሉ ከነዋና ከተማቸው ስለሚያነበንብ፣ አሁንም ከንፈሩን በምላሱ እያራሰ ያነበንባል፣ አገር፣ ከተማ፣ ገንዘብ፣ ፕሬዚዳንት፣ አገር፣ ከተማ፣ ገንዘብ፣ ምራቁ በአፉ ጥግ ነጭ ሆኖ ተጠራቅሟል፣ እህቴ፣ የዓሣ ሀብት ጉባኤው ባለፈው ወር ነው ወይስ ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በፊት ነው እለዋለሁ፣ አየህ፣ አውቀዋለሁ፣ የሚያንገሸግሸኝም እሱ ነው፣ ባላውቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ የማን ሚኒስትር ከማን ሚኒስትር ጋር የት ደሴት ላይ ምን ተፈራርሞ በየትኛው እጁ እንደጨበጠ አውቃለሁ፣ የራሴን አባት የልደት ቀን አላውቅም። ጭንቅላቴ እንደተደፈነ የእቃ ማጠቢያ ሆኗል፣ ሁሉም ገብቶ ምንም አይወርድም።

እግዜር ይስጥሽ ይላል ዋና ከተማ፣ ክንዴን ነካ ያደርጋል፣ እጁ ረጥቧል። ክንዴን በቀሚሴ እጠርጋለሁ፣ እንዳያይ ብዬ ቀሚሴን ያስተካከልኩ መስዬ።

ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ሁላችንን እንዲህ የሠራን ሬዲዮ ነው፣ አስተማሪያችን፣ ድምፁ ዜና አንባቢ ስለሚመስል ሬዲዮ እንለዋለን፣ ከጎሚስታው በላይ ባለችው ክፍል፣ ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ጣቱን እየላሰ ገጽ ይገልጣል፣ ልጆች፣ ሹመኛ ይለወጣል፣ የሞተ ሰው ግን አይለወጥም፣ ስለዚህ አደጋ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንዲህ ብሎ ፈገግ ይላል፣ የሆነ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ ሲባል ዓይኑ ይበራል፣ ጻፉ፣ ጻፉ፣ ይቺ አትቀርም፣ እኛም ዓይናችን ይበራል፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ የኔም ይበራል፣ ሕንፃ በሰው ላይ ተደርምሶ እኔ እስክሪብቶ እፈልጋለሁ። ኧረ ወዲያ።

ለቃል ፈተናው ደግሞ የተለየ ትምህርት አለው፣ እኔ የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡ፣ እኔና እኛ ያለ ሰው ወድቋል፣ በአንድ በኩል በሉ፣ በሌላ በኩል በሉ፣ በአጠቃላይ ብላችሁ ዝጉ፣ እጃችሁ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ፊታችሁ እንደ ንጹሕ ሳህን ይሁን፣ ያለፈው ጊዜ ምክሩን አልሰማሁም፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቁኝ፣ እኛ ተከራዮች ብዬ ጀመርኩ፣ ጀመርኩና አላቆምኩም፣ ውጤቱ ሲለጠፍ ከቁጥሬ ፊት ለፊት አንድ ቃል ነበረች፣ ስሜታዊ፣ እንደ በሽታ ስም ጽፈዋታል፣ እማዬ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ቦታ ሞልቷል ማለት ነው አልኳት። ሬዲዮ በክፍሉ ፊት ምሳሌ አድርጎኝ ለሁለት ሳምንት ሳቁብኝ፣ ድንቄም አስተማሪ።

በሩ ይከፈታል፣ አንዷ ፊቷ ቀልቶ ትወጣለች፣ ጠሪዋ ወረቀቷን ታያለች፣ የኔን ቁጥር አይደለም የጠራችው፣ ዋና ከተማ ይነሳል፣ ሱሪው ከቂጡ ላይ ተጣብቋል፣ አይዞህ እለዋለሁ፣ ከልቤ ነው፣ ወዲያው ደግሞ ምነው በወደቀ እላለሁ በሆዴ፣ ያለው ቦታ አንድ ነው። ይቀፋል፣ ግን አልኩት።

ከሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ። እስቲ ተንፍሺ። በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል።

እጄ አሁንም የቁስል ቅባቱን ይሸታል፣ ሁለቴ በሳሙና ታጥቤው፣ ጠዋት የእማዬን እግር ጠቅልዬ ነው የመጣሁት፣ በየጠዋቱ እጠቀልለዋለሁ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ የትናንቱን ጨርቅ በለብ ያለ ውሃ አርሼ ቀስ እያልኩ ስልጠው ከቆዳዋ ትንሽ ይዞ ይመጣል፣ እማዬ አታቃስትም፣ ሳላቆስላት እንዳልፍ እሷ ናት የምታባብለኝ፣ በርቺ፣ በርቺ እናቴ ትለኛለች፣ ሐኪሙ ቆዳ ማልበስ ያስፈልጋል ብሏል፣ ቆዳ ማልበስ፣ ቆዳ ፋብሪካ ጎረቤቷ ለሆነባት ሴት፣ ሲናገር አልሳቀም፣ ስለማያውቅ ነው፣ የሚሠራው ደግሞ በትልቁ ሆስፒታል ብቻ ነው፣ እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ወላጁን በነጻ ያሳክማል፣ ሌላው ቤቱን ይሸጣል፣ እኛ የምንሸጠው ቤት እንኳ ያለው እዚያው ፋብሪካው አጠገብ ነው፣ ማን ይገዛዋል። ስለዚህ እኔ ማኅተም መምታት አለብኝ፣ ሌላ ታሪክ የለውም።

እግሯ ጭኔ ላይ፣ ሬዲዮ ያዘጋጀው የጥያቄ ጥራዝ እጇ ላይ፣ እንዲህ ነው የምናጠናው፣ እኔ ስጠቀልል እሷ ትጠይቀኛለች፣ ማንበብ የተማረችው እኔን ከወለደች በኋላ ነው፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ ነው የምታነብ፣ የስንዴ ገበያው የተናወጠው በምን ምክንያት ነው፣ ለ እላታለሁ፣ የሽግግር መንግሥቱ ምርጫ ለመቼ ተራዘመ፣ መ፣ ጎበዝ፣ የባቡር ሠራተኞቹ አድማ የመቱት የት ነው፣ ሐ፣ እኔ ፋሻውን አዞራለሁ፣ አፌ ብቻውን ይመልሳል፣ እጄ ብቻውን ይጠቀልላል፣ ዛሬ ጥያቄው ሰፈራችን ላይ ሲደርስ አልሰማሁም፣ እውነቴን ነው፣ ድምፅዋም አልተለወጠም፣ በታችኛው ሰፈር ለደረሰው የውሃ ሙላት ክስተት ምክንያት የሆነው ምንድን ነው፣ ሀ አልኩ። ሀ፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ከባድ ዝናብ። ከነቃሉ ነው ያልኩት፣ ሬዲዮ ፊደል ብቻ አትጥሩ ስለሚል፣ ለእናቴ፣ እግሯን ይዤ።

ዝናብ። በጋ ነበር እኮ። ልብስ አስጥተን ነበር፣ አንሶላው ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሞ ነበር።

ቀን በብርሃን ነው የመጣው፣ ከቆዳ ፋብሪካው አጥር ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ግንቡ ከተሰነጠቀ የቆየ፣ ሰው ሁሉ እያየው የሚያልፍ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሁለት ጊዜ ያመለከቱበት፣ እሱ ነው የተናደው፣ ውሃ አይደለም የመጣው፣ ውሃ ስም አለው፣ ይሄ ግራጫ ነገር ነበር፣ ከላዩ ከቆዳ የተፋቀ ጸጉርና ሞራ የተንሳፈፈበት፣ ኖራው ዓይንና ሥጋ የሚያቃጥል፣ በየቤቱ በር እንደ ቤተኛ ገባ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሁለት እግሩ ሽባ ነው፣ ሱቁ ከኛ ዝቅ ይላል፣ እማዬ እስከ ጉልበቷ ገብታ በሩን ስትጎትት ስትጎትት ነበር፣ ከውስጥ እየጠራት፣ እትዬ፣ እትዬ ይላታል፣ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ያ ሁሉ ጭቃ ገፍቶ ዘግቶታል፣ ድምፁ እስኪጠፋ አልወጣችም፣ ስትወጣ ካልሲ ያደረገች መስሎኝ ነበር። ካልሲ አልነበረም።

እና ማታ ዜናው ዝናብ አለ። ወቅቱን ያልጠበቀ። ዘንቦብን አናውቅም እንዴ፣ ሰማዩን የት አስቀምጠነው ነው።

ዜናውን እንኳ ረስቼው ነበር፣ እስከዚያች ቀን፣ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ የሬዲዮን ጥራዝ የማባዛው እኔ ነኝ፣ ገጹ ከማሽኑ ሞቆ ወጣና እጄ ላይ አረፈ፣ ታችኛው ሰፈር ይላል፣ ዓይኔ ያሳሳተኝ መስሎኝ ደግሜ አየሁት፣ ሀ ከባድ ዝናብ፣ ለ የመሬት መንሸራተት፣ ሐ የግድብ መደርመስ፣ መ መልስ የለም፣ ቆዳ ፋብሪካው ለስህተት መልስነት እንኳ አልታጨም፣ እንደ ማሳሳቻ እንኳ አላስገቡትም፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት በትከሻዬ ላይ አየና፣ ውይ፣ ሰፈራችሁ ጥያቄ ውስጥ ገባ፣ ታዋቂ ሆናችሁ ብሎ ሳቀ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ከዚያ ምን አደረግሽ፣ ምንም፣ ቀለም ጨመርኩ፣ ደብዝዞ ነበርና እንዲነበብ ብዬ ቀለም ጨመርኩና ለክፍሉ ሁሉ አባዛሁት፣ ሬዲዮ ሲያስጠናን ሀ ብዬ ከሌሎቹ ጋር ጮህኩ፣ ደጋግሜ፣ እስኪገባኝ። ገባኝ።

ዛሬ ጠዋት ሀ ስላት እማዬ ወደ ጥራዙ መጨረሻ ገለጠች፣ የመልሱ ቁልፍ ያለበት፣ ጣቷን አስኬደች፣ ልክ ነው ይላል አለች። ልክ ነሽ አላለችም። ልክ ነው ይላል፣ ከዚያ እግሬን ጠበቅ አድርጊው፣ መንገድ ላይ እንዳይወርድብኝ አለች፣ ዳቦ ቤት ልትሄድ ነው፣ ጠበቅ አደረግኩት፣ ቀና ብዬ አላየኋትም፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ስለ አንድ የባሕር ወሽመጥ ነበር፣ እሱንም መለስኩ።

ቁጥሬ ነው። እኔ ነኝ፣ አቤት።

ክፍሉ ይሞቃል፣ ሦስት ናቸው፣ መሀል ያለው ሰብሳቢው ነው፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው የተቀበለኝ፣ የጎረጎረውን አይቶ ሶፍት ላይ ያስቀምጣል፣ በግራው መነጽር ያደረጉ ሴትዮ አሉ፣ የእማዬ እኩያ ይሆናሉ፣ በቀኙ ጸሐፊው፣ አንገቱን ቀና አያደርግም፣ ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተበላ ብስኩት፣ ፍርፋሪው ፋይሎቹ ላይ ተበትኗል፣ የኔም ፋይል ላይ፣ ይቀመጡ፣ አመሰግናለሁ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋለሁ፣ ይሸት ይሆን ይሄ ቅባት፣ ፊቴ ሳህን ነው፣ ንጹሕ ሳህን።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እንጀምር ይላል ሰብሳቢው፣ የነዳጅ ዋጋ መናር በታዳጊ አገሮች ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ ደስ ይለኛል፣ ይቺን ተኝቼ አውቃታለሁ፣ በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል፣ በአጠቃላይ፣ ዝግት፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሰብሳቢው ብስኩት ያነሳል፣ የጉባኤው ዋና ጸሐፊ፣ እላለሁ፣ የስምምነቱ ፈራሚዎች፣ እላለሁ፣ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ ያ ሁሉ የታጨቀ ጥራጊ፣ ለካ የሚፈስበትን ነበር ያጣው፣ ጥሩ፣ ጥሩ ይላል፣ አፉ ሞልቶ ነው ጥሩ የሚለው፣ እሺ ወደ አገር ውስጥ እንምጣ፣ ባለፈው ዓመት ከነበሩት ክስተቶች እስቲ፣ ፋይሉን ሳይሆን ብስኩቱን እያየ፣ እስቲ ስለ ታችኛው ሰፈር የውሃ ሙላት ይበሉን፣ መንስኤውና የተወሰደው እርምጃ።

አሁን። አሁን ነው እንግዲህ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጆሮ፣ እስከ ዛሬ ሰው አልጠየቀንም፣ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ውለው ተመልሰዋል፣ እኔ ግን ተጋብዤ ገብቻለሁ፣ ወንበር ተሰጥቶኛል፣ ተናገሪ ተብያለሁ፣ አንሶላው ደርቆ ነበር በያቸው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ በጋ ነበር፣ ጸጉር ተንሳፍፎበት ነበር፣ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ሰውየው እትዬ ይል ነበር፣ ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያዩኛል፣ የተላጠው ጨርቅ፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወላጅን በነጻ፣ ስሜታዊ፣ አንድ ቦታ፣ አይደገምም፣ የእናትሽ እግር እኮ ነው፣ ስለ እግሯ ብለሽ ተናገሪ፣ ስለ እግሯ ብለሽ ዝም በይ። አፌ ተከፈተ።

በአንድ በኩል፣ እላለሁ፣ ክስተቱ ወቅቱን ካልጠበቀ ከባድ ዝናብ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ድምፄ ያምራል፣ ሬዲዮን ራሱን ይመስላል፣ ከአየር ንብረት መዛባት አንጻር መታየት ይኖርበታል፣ በሌላ በኩል የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ነዋሪዎች አልኩ፣ አፌን ሞልቼ፣ ከፍሳሽ ተፋሰስ አቅራቢያ የመስፈር ልማድ ለጉዳቱ መባባስ አስተዋጽኦ አድርጓል፣ ይሄ ጥራዙ ላይ የለም፣ ማንም አላስጠናኝም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ የመስፈር ልማድ፣ እማዬ ልማድ ሆኖባት ነው እዚያ የኖረችው፣ ፋብሪካው ሳይሠራ በፊት የገባች ሴትዮ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እቀጥላለሁ፣ የሚመለከታቸው አካላት አፋጣኝ ምላሽ ሰጥተዋል፣ ብርድ ልብስ ነበር፣ አንድ ለሁለት ቤት፣ በአጠቃላይ ክስተቱ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትን የማጠናከር አስፈላጊነት ያሳየ ነው። ዘጋሁት። ውብ አድርጌ ነው የዘጋሁት።

ሰብሳቢው ማኘኩን ያቆማል፣ እንዲህ ነው እንጂ መልስ፣ ይላል ለሴትዮዋ፣ ፍርፋሪውን ከፋይሌ ላይ በእጁ ያራግፋል፣ ያራግፍና ያያል፣ ቆይ፣ አድራሻዎ ታችኛው ሰፈር ነው እንዴ የሚለው፣ አዎ፣ የዚያ ሰፈር ልጅ ነዎት፣ ነኝ፣ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ፣ አያስታውቅም እኮ ይላል፣ ከልቡ ተገርሞ፣ ደስ ብሎት፣ ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ የሚመጡት ስሜታቸው ይቀድማቸዋል፣ እርስዎ ግን ቦታውን አይተውት የማያውቁ ነው የሚመስሉት፣ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ ጻፈው ይለዋል ጸሐፊውን፣ ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶኝ ይጽፋል። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ተሽኮርምሜ፣ እውነት ተሽኮርምሜ፣ ጉንጬ ሁሉ ሞቀ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ይሉኛል፣ በሌላ ድምፅ፣ በቤት ድምፅ፣ ያን ጊዜ የተጎዳብሽ ሰው የለም ልጄ፣ ሰብሳቢው እሱ ከጥያቄው ውጭ ነው ይላል እየሳቀ፣ ይሁን እስቲ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ፣ ይቺን አልተዘጋጀሁባትም፣ ምርጫ የላትም፣ ሀ ለ ሐ የላትም፣ ለእኚህ ሴትዮ ብነግራቸው ምን ይሆናል፣ ምንም አይሆንም ይሆናል፣ ያዝኑልኝ ይሆናል፣ ጸሐፊው ግን ብዕሩን አላስቀመጠም፣ ገና እየጻፈ ነው፣ ያቺን ስሜታዊ የምትል ቃል የሚጽፍባት ቦታ ገና ባዶ ናት፣ የለም እላለሁ፣ ሁሉም ደህና ናቸው።

ተመስገን ይላሉ ሴትዮዋ። መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ሊያምኑኝ ፈልገው ያመኑኝ ይመስለኛል።

ኮሪደር፣ ሰሙ፣ ማስቲካው፣ ዋና ከተማ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል፣ እህቴ እንዴት ሆነልሽ፣ ደህና ነው እለዋለሁ፣ እኔ ሁለት ከተማ አቀላቀልኩ ይላል፣ ሊያለቅስ ነው፣ ያሳዝነኛል፣ ደግሞም አንድ ቀነሰ እላለሁ፣ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ይመጣሉ፣ እቺን ሴት ማን ነው ያሳደጋት፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፣ አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ አንዴ፣ ደግሞ፣ ዘበኛው ደህና አይደለሽም እንዴ ይለኛል፣ ደህና ነኝ አባባ፣ ሙቀቱ ነው፣ ውሃው ዝገት ዝገት ይላል፣ እተፋለሁ፣ አይወጣም፣ ልብ ብዬ ሳየው የምተፋው ነገር የለም፣ ንጹሕ ውሃ ነው የሚወርደው። የሚቀፈኝ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር፣ የሰብሳቢው ብስኩት፣ ስንጥሩ፣ የሬዲዮ የተላሰ ጣት፣ የዋና ከተማ ምራቅ፣ ስንት ዓመት ሰውን ሁሉ ስጸየፍ ኖርኩ፣ አሁን እጄን ከቧንቧው ሥር ይዤ የማንን እጅ እንደያዝኩ አላውቅም።

አልፌያለሁ። እርግጠኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይታወቃል። እግሯ ይድናል፣ ቆዳ ያለብሷታል፣ ካልሲ ታደርጋለች፣ በዓይኔ ይታየኛል፣ ደስ ይበልሽ እንጂ፣ ደስ ይለኛል፣ እምላለሁ ደስ ይለኛል።

ስልኩ ይጮኻል፣ እማዬ ናት፣ ከዳቦ ቤቱ በሰው ስልክ ነው፣ ሰልፉ ላይ ቆማ መሆን አለበት፣ የሰው ጫጫታ ይሰማል፣ ወጣሽ፣ ወጣሁ፣ እንዴት ሆነልሽ፣ ጥሩ ነበር እማዬ፣ ሁሉንም መለስኩ፣ እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ ከኋላዋ ላለ ሰው ስትናገር ይሰማኛል፣ ሁሉንም መለሰች ትላለች፣ ምን ምን ጠየቁሽ ታዲያ፣ ስለ ነዳጅ፣ እሺ፣ ሌላስ፣ ሌላ፣ ዘበኛው እያየኝ ነው፣ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞራለሁ፣ ሌላ ደግሞ ስለ ውጭ አገር ነው እማዬ፣ አንድ ሩቅ አገር፣ ጎርፍ የገባበት፣ ቤት ለቤት ገብቶ ሰው የፈጀበት፣ ውይ፣ ትላለች፣ ውይ የሰው ልጅ፣ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል መሰለኝ እግሯን ስትጎትት ይሰማኛል፣ እና ሰዎቹስ፣ ትለኛለች፣ የተረፉት፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ሆኑ።

እሱን አልጠየቁኝም፣ እማዬ።